አፈር ስሆን ብዬ ያጠጣኋት ጠላ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6
ዛሬም ብርቄን አንበረከክኋት። የቤት ሥራ ረስታ። ትናንት ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ አስገልብጬ፣ ደግሜ ነግሬ ነው የላክኋት። ዛሬ ስጠይቃት ጨርሶ ያልነገርኳት ይመስል ታየኛለች። ሦስተኛ ክፍል ደርሳ፣ ደብተር አውጪ፣ ገጽ ግለጪ፣ ቀን ጻፊ ስትባል ደብተሩን አውጥታ እዚያው ትቀራለች። ግትር ናት ብዬ መምህራን ክፍል አወራሁባት። የደ/ብርሃን ጥቅምት፣ የክፍሉ ሲሚንቶ በረዶ ነው። አላለቀሰችም። ስትነሳ ጉልበቷን እያሻሸች ሳቀችልኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8፣ ከሰዓት
ከልዩ ፍላጎት ሥልጠና መምጣቴ ነው። እውነቱን ላንቺ ልንገርሽ፣ ማስታወሻዬ፣ ለአበሉ ነው የሄድኩት።

አሠልጣኟ ልጅ እግር ናት። ነፍሰ ጡር ስትጠጣ አልኮሉ ጽንሱ ዘንድ ይደርሳል፣ አእምሮውን ሊጎዳ ይችላል አለች። ጠላም አልኮል ነው ስትል አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ልጆቹ ይረሳሉ፣ ትእዛዝ ሲደራረብ ይጠፋባቸዋል፣ ቅጣት አያስተምራቸውም እያለች ስትቀጥል ሳቄ ጠፋ። ብርቄን የምታውቃት መሰለኝ። መምህር በሽታ አይሰይምም፣ ያ የሐኪም ነው ብላለች። እገዛው ግን ሐኪም አይጠብቅም፦ አንድ ትእዛዝ በአንድ ጊዜ፣ ሥዕል፣ ፊት ወንበር፣ ትዕግሥት። እኔ የሰጠኋት ሲሚንቶ ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10
ብርቄ ፊት ወንበር። የደብተር፣ የእርሳስ ሥዕል ሠርቼ ጠረጴዛዋ ላይ ለጠፍኩ። አንዱን ጨርሳ ሌላውን ታያለች። ቀን ጻፈች! እናቷን አስካለን ዓርብ እንድትመጣ ነገርኳት። ጎረቤቴ ናት፣ የሚካኤል ማኅበርተኛዬም። ሁለተኛዋን አርግዛ ሆዷ ገፍቷል። ስለ ብርቄ እርግዝና እንዴት ብዬ እንደምጠይቃት አላውቅም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12፣ ማታ
ማኅበሩ የኔ ተራ ነበር። ጠላዬ ተወደደ። ምነው በከሸፈ።

ልቀዳላት ስል አስካለ ብርጭቆዋን በእጇ ከደነች። ጤና ጣቢያ ከልክለውኛል አለች፣ ቀስ ብላ። ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ ኮራሽ እንዴ አለቻት። እኔ ማሰሮዬን ይዤ ቆሜያለሁ። የቤቱ ባለቤት ነኝ፣ እንግዳዬ ባዶ ብርጭቆ ይዛ! አፌ ቀደመኝ። አፈር ስሆን አልኳት። አንድ ብቻ፣ ለሚካኤል ብለሽ አልኳት። እጇን አነሳች። ቀዳሁላት። እየተያየን ጠጣችው።

ቅዳሜ የተማርኩት ትዝ ያለኝ ብርጭቆውን ስቀበላት ነው። ባልማር እንኳ እሷው ነግራኛለች። ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳወራ አልሰማሁም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13
ብርቄ እየሮጠች መጥታ እማዬ ሰላም ብላሻለች አለችኝ። ጥቁር ሰሌዳውን ስጠርግ ቆየሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14
አስካለ መጣች። በመጀመሪያ ስለ ልጇ ልነግራት ነበር ያሰብኩት። አልቻልኩም። የረቡዕን አነሳሁ። ይቅር በይኝ አልኩ። ጤና ጣቢያ ሄዳ መጠጣቷን እንድትነግራቸው ለመንኳት፣ አብሬሽ ልሂድ አልኳት። ከዚያ የብርቄን ነገር፣ ማንበርከኬን ሳላስቀር፣ አንድ በአንድ ነገርኳት። ሥዕሎቹን አሳየኋት። በጣቷ ነካካቻቸው።

ብርቄን አርግዛ ጠጥታ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ራሷ ነገረችኝ። በየማኅበሩ፣ በየድግሱ፣ የተቀዳላትን ሁሉ። ማንም ምንም አላላትም። ከዚያ እንዲህ አለች፦

«እትዬ፣ እኔ ሰው እምቢ ብዬ አላውቅም። ረቡዕ የመጀመሪያዬ ነበር።»

ቁጣ የለባትም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ የልጇ መምህር ሆኜ፣ በገዛ ቤቴ፣ በሰው ፊት፣ የመጀመሪያ እምቢታዋን ከእጇ ላይ አነሳሁት።

የኅዳር ሚካኤል ተራው የሌላ ሰው ነው። አስካለ ጎን እቀመጣለሁ። ማሰሮው ሲመጣ ቀድሜ ብርጭቆዬን የምከድነው እኔ ነኝ። ለምን ሲሉኝ የሠራሁትን ነግሬያቸው ነው የምነሳው።