ጓንት ያላጠለቅኩበት ግንቦት

ግንቦት 4

የዒጋል መኪና ገባ። ነጭ ቪትዝ። ኮፈኑንና ሁለቱን ስፖኪዮ ካርቦን ጨርቅ አልብሱልኝ ይላል። ሰርጉ ሰኔ መጀመሪያ ላይ ነው... ሙሽሪት “ኮፈኑ ጥቁር ካልሆነ አልገባበትም” ብላለች አሉ። ትግባ አትግባ እሷ ታውቃለች። እኔን ግን ደስ ብሎኛል።

አብዲራሺድ ኮፈኑን ለኔ ሰጠኝ። ባለ ጋራዡ ራሱ፣ ይህን የሚያህል ሥራ ለኔ፣ ለትናንቷ ልብስ ሰፊ። “ጨርቅ የሚያውቅ ጨርቅ ይያዝ” ነው ያለው። እውነቱን ነው እኮ። ካርቦን ሽመናው ትንሽ ገደድ ካለ ከሩቅ ያስታውቃል። ቀሚስ ቢሆን እጥፋቱ ውስጥ እደብቀዋለሁ፤ ኮፈን ላይ የት ይደበቃል?

ጓንቱን ዛሬም አወለቅኩት። በዚህ ሙቀት ላብ ሞልቶ እጄ ውስጡ ይዋኛል። ደግሞ ጣቴ ካልነካው ክሩ ወዴት እንደዞረ አላውቅም። እጄ ላይ የቀረውን ሬዚን፣ የጨርቁን ማጣበቂያ፣ በቲነር ጠርጌ ወደ ቤት።

ግንቦት 9

ጣቶቼ መሀል ያሳክከኛል። ሙቀት ይሆናል። በግንቦት ድሬ ላይ የማያክ ማን አለ?

ግንቦት 12

ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ነገሮች ወጡብኝ። ለአብዲራሺድ አሳየሁት። እጄን ይዞ አየው... “ሙቀት ነው አቦ አስኩ። ታጠቢና እርሺው።” ተመልሶ በር ላይ ቆመ። ሬዚን ሲበጠበጥ ውስጥ አይገባም፣ ሽታው ራሴን ያመኛል ይላል። ከዚያው ሆኖ “ቀስ... ከመሀል ወደ ዳር” እያለኝ ስፖኪዮዎቹን ጨረስኩ። አምረዋል።

ግንቦት 15

ብሶበታል። ሌሊቱን ስፎክተው አደርኩ። ጎረቤቴ ዴቃ አይታ፣ “ሒና አድርጊበት አባዮ እህቴ፣ ያበርዳል” አለችና ራሷ በጥብጣ ቀባችኝ። አላበረደም። ግን ሽፍታውን ሸፈነው። ጋራዥ ስገባ አብዲራሺድ “ደሞ የማን ሰርግ ነው?” ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅኩ። እጇ ተበላሽቷል ብሎ ኮፈኑን ለሌላ ቢሰጥስ? ሆድ ይፍጀው።

ግንቦት 17

የስፌት ማሽኔን ሸጬ ነው እዚህ የገባሁት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች... እኔን ይሆን?

ስንት ዓመት ስሰፋ ኖርኩ፤ ማን ሰፋው ብሎ የጠየቀ ሰው አላስታውስም። አሁን በከዚራ ሰፈር ሳልፍ የሠራሁት መኪና ጥላ ሥር ቆሞ ካየሁ ዞር ብዬ አየዋለሁ። የኔ ነው እላለሁ፣ ለራሴ። ይህን ከተቀማሁ ምን ይቀረኛል? ሐኪም ጋ ብሄድስ? ሄጄ “ተይው” ቢለኝስ? መጀመሪያ ኮፈኑ ይለቅ።

ግንቦት 20

ኮፈኑ ለበሰ። ግን እንዴት...

ጠዋት ጠዋት ባጃጆቹ አቧራውን ያነሱና ሬዚኑ ላይ ይለጥፉታል። ስለዚህ በርጫ ሰዓት ይሻላል ብዬ አሰብኩ። ሰው ሁሉ ጫቱ ላይ ነው፣ መንገዱ ጭር ይላል። አቧራውን አመለጥኩ ስል ፀሐዩን ረሳሁት። ቆርቆሮ ቤት፣ የቀትር ሙቀት። የበጠበጥኩት ሬዚን ጣሳው ውስጥ ይጨስ ጀመር፣ ከዚያ እንደ ድንጋይ ደረቀ። ደግሜ ትንሽ ትንሽ በጠበጥኩ። ጊዜ የለም። ጨርቁን ዘረጋሁና በሁለት መዳፌ ተጫንኩት፤ በክንዴ ጭምር። ላቤን ስጠርግ ፊቴንም ነክቻለሁ መሰለኝ።

ሽመናው ቀጥ ብሏል። አንድ አረፋ የለውም። አብዲራሺድ ጎንበስ ብሎ ከዳር እስከ ዳር ሁለቴ አየው። እሱ ሁለቴ ካየ ወዶታል ማለት ነው።

ግንቦት 21

ዓይኔ አልገለጥ አለኝ። በአንዱ ዓይኔ ቀዳዳ እያየሁ ነው የምጽፈው። ዴቃ ስታየኝ በሶማልኛ ምን እንዳለች እንጃ፣ ብቻ ባጃጅ ጠርታ ሐኪም ጋ ወሰደችኝ።

“ምንድን ነው የምትነኪው?” አለኝ። ነገርኩት። “ሙቀት አይደለም። ቆዳሽ ሬዚኑን ጠልቶታል። ከእንግዲህ ጥቂት እንኳ ከነካሽ ይመለስብሻል።” እስከ መቼ? አልኩት። “ይኼ የሚተው ነገር አይደለም።”

ሌላም ብዙ ነገረኝ። አልሰማሁትም።

ግንቦት 25

እብጠቱ ጎደለ። ሄጄ ለአብዲራሺድ ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። አልተቆጣም። እጅጌውን ሰበሰበ... የእጁ አንጓ ቆዳ ዙሪያውን ወፍሮ፣ ተሰነጣጥቆ። “እኔንም ይዞኝ ነው የተውኩት” አለ።

ለካ በር ላይ የሚቆመው ለሽታው አልነበረም...

“ታውቅ ነበር?”

“ሁሉን ሰው አይዝም አስኩ። አንቺን ይይዛል አላልኩም፣ ወላሂ።”

“ሙቀት ነው አልከኝ።”

መሬት መሬት አየ። “ኮፈኑ ቀርቶ ነበር” አለ።

አሁንም ቢዋሸኝ ይቀለኝ ነበር። ይኸው እውነቱን ነገረኝ። ኮፈኑ ቀርቶ ነበር። እጄን አይቶ እኮ ነው... ይዞ፣ ገልብጦ አይቶ። እቤት ገብቼ አለቀስኩ። ለሥራዬ ይሁን ለሱ አላውቅም። ጨዋ ሰው ነው ብዬ ለዴቃ ስንት ጊዜ አውርቼላታለሁ።

ግንቦት 28

አብዲራሺድ ዴቃን ላከብኝ። “ደረቁን ጨርቅ መቁረጥ አይጎዳትም፣ እሱን ትሥራልኝ” ብሏል። ሐኪሙንም ጠየቅኩ፣ ከሬዚኑ ከራቅሽ ይሁን አለ፤ ስለ ጓንቱም እንደ አዲስ አስረዳኝ። ልሂድ? ፊቱን ማየት አልፈልግም። እቤት መቀመጥም አልቻልኩም።

ሰኔ 1

ሄድኩ። ከዕቃ ቤቱ ጎን፣ ደጅ፣ ጠረጴዛ ዘረጋልኝ። ለክቶ ሰላም ይለኛል፣ ለክቼ እመልሳለሁ።

ውስጥ አዲስ ልጅ ገብታለች፣ ሂንዳ። የኮፈኑን የመጨረሻ የሬዚን ሽፋን የምትቀባው እሷ ናት። እሱ በር ላይ። “ቀስ... ከመሀል ወደ ዳር።” ስሰማው መቀሴን አስቀመጥኩ።

“ይኼ ጓንት ላብ ሞላብኝ፣ ላውልቀው?” አለች ሂንዳ።

አብዲራሺድ ወደኔ አየ። እሱ እንዲናገር ጠበቅኩት። መልሶ ኮፈኑን አየ።

ተነሳሁና በሩ ድረስ ሄድኩ። እጄን ዘረጋሁላት። ሒናው ለቋል፣ ከሥሩ ያለው ሁሉ ይታያል። ከምን እንደመጣ፣ እንደማይድን፣ ጓንትም ቢሆን ቶሎ ቶሎ ካልተቀየረ እንደማይበቃ፣ አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። ቡሩሿን አስቀመጠች። እጄን ብዙ አየችው።

“ላንቺስ ቀድሞ ማን ነገረሽ?” አለችኝ።

“ማንም አልነገረኝም” አልኳት።

አብዲራሺድ አጠገቤ ነበር፣ ትከሻው ትከሻዬን ሊነካ። ድምፄን አልቀነስኩም።