ማይክሮስኮፓቸውን ለማንም የማያስነኩት ሐኪም፦ የዶክተር ዱሬሳ ዋቅሹማ የሕይወት ታሪክ (1950–2017 ዓ.ም.)

ዶክተር ዱሬሳ ዋቅሹማ ከአባታቸው ከአቶ ዋቅሹማ ጉዲናና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሎሚ ቶላ በጥቅምት ወር 1950 ዓ.ም. በጊንጪ ከተማ ተወለዱ። ሌላው ሕፃን ዓይኑን ጨፍኖ ሲወለድ እሳቸው ግን ገልጠው መጥተው አዋላጇን ከራስ ጸጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ እንደ መረመሯት በቤተሰቡ ዘንድ የታወቀ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ሳሉ ወላጆቻቸው አዲስ አበባ ገብተው ጌጃ ሰፈር ተቀመጡ። አባታቸው በዚያ የከፈቱት የቆርቆሮ ሥራ ቤት ለግማሹ ከተማ ባልዲና ማንቆርቆሪያ ያቀርብ ነበር ቢባል አልተጋነነም።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ልደታ አካባቢ ሲከታተሉ ከአንደኛነት ወርደው አያውቁም። ስምንተኛ ክፍል ላይ ብቻ ገብረጊዮርጊስ የሚባል ልጅ በሒሳብ በለጣቸው። ዶክተር ዱሬሳ ይህን ነገር በሆዳቸው ይዘው ኖሩ። ገብረጊዮርጊስ አርጅቶ ዓይኑን ሊታከም ሲመጣም በክብር ተቀብለው፣ መርምረው፣ መነጽር ካዘዙለት በኋላ «በል እንግዲህ፣ አሁን እንኳ ሒሳቡን በደንብ ታየዋለህ» ብለው ሸኝተውታል።

በ1969 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ጀምረው በ1976 ዓ.ም. ተመረቁ። በወለጋ ገጠር ካገለገሉ በኋላ በዓይን ሕክምና ስፔሻላይዝ አድርገው በ1982 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው ማስተማሪያ ሆስፒታል ተቀጠሩ። በዚሁ ዓመት ከወይዘሮ ወርቅዬ በሱፍቃድ ጋር በልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሥርዓተ ተክሊል ፈጽመው ሴናንና ሮቤራን ወለዱ። ትዳራቸው የሰፈር ምሳሌ ነበር። የተኮራረፉት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም ወይዘሮ ወርቅዬ ቸኩለው ሌላ ሐኪም ዘንድ መነጽር ያስለኩ ዕለት።

ዶክተር ዱሬሳ በሆስፒታሉ ያከሟቸው ሰዎች ቢሰለፉ ከልደታ ተነሥተው አምቦ በደረሱ ነበር። የመነጽር ነጋዴዎች በእሳቸው ምክንያት ሱቅ ሊዘጉ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር ይባላል። የሚሠሩበትን የቀዶ ሕክምና ማይክሮስኮፕም እንደ ዓይናቸው ብሌን ይጠብቁት ነበር። ወይዘሮ ወርቅዬ ከቀይ ከፈይ ልብስ ሰፍተውለታል፤ ዶክተሩ ማታ ያለብሱታል፣ ጠዋት ራሳቸው ይገልጡታል። ሌላ ሰው ከነካው ቀኑን ሙሉ ፊታቸው አይፈታም።

የጡረታቸው ጊዜ ሲቃረብ በ2009 ዓ.ም. የሆስፒታሉ አስተዳደር ተተኪ የዓይን ስፔሻሊስት እንዲቀጠር ወሰነ። የቅጥር ፈቃዱ የሚያበቃው በመጋቢት መጨረሻ ነው። እስከዚያ ሰው ካልተገኘ ዶክተር ዱሬሳ ሲወጡ የዓይን ክፍሉ ይዘጋል፤ በሽተኛውም ተማሪውም ይበተናል። ፈታኙ ደግሞ ዶክተር ዱሬሳ ራሳቸው ነበሩ። በአገራችን የዓይን ሐኪም ቅጥር ታሪክ እንደዚህ ያለ ፈታኝ አልታየም። የመጀመሪያውን አመልካች «እጁ ይንቀጠቀጣል» ብለው መለሱት። ሁለተኛውን «እጁ ጭራሽ አይንቀጠቀጥም፤ ዓይን የማይፈራ ሐኪም አልወድም» አሉ። እውነቱን ለመናገር ቀንተው ነበር። ቅናታቸውም ቢሆን እንደ ሌላው ሰው ተራ ቅናት አልነበረም፤ በሙያ የተደገፈ ነበር።

በመጨረሻ አንዲት አመልካች ቀረች፤ የአብነት ሰፈር ልጅ፣ ዶክተር ሶረቲ። ሕንድ አገር ሄዳ የዓይንን የፊት መስታወት፣ ኮርኒያ የሚሉትን፣ ከሞተ ሰው ወስዶ ለሕያው መትከል ተምራ የመጣች ናት። ይህን ዶክተር ዱሬሳ አልተማሩትም። የክፍሉ ነርስ፣ እንዳለች የምትባለው ሲስተር፣ «ልጅቷ እጇ ወርቅ ነው አሉ» ስትላቸው የያዙትን ሻይ ሳይጠጡ አስቀመጡት። የእሳቸውን እጅ ወርቅ ያለው ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም፤ ሁሉም ስለሚያውቀው ይሆናል።

በክፍሉ ልማድ ተፈታኝ በማይክሮስኮፕ ሥር የፍየል ዓይን ይሰፋል። ዓይኑ የሚመጣው ከወልደአማኑኤል ልኳንዳ ነው። ዶክተር ዱሬሳ የፈተናውን ቀን ሁዳዴ እኩሌታ ላይ ቆረጡት። የወልደአማኑኤል ሥጋ ቤት ቅበላ ተዘግቶ ለፋሲካ እንደሚከፈት አሳምረው ያውቃሉ።

«ዶክተር፣ በጾም የፍየል ዓይን ከየት ይመጣል?» አለች እንዳለች።

«ፈተና አይደል? ተፈታኟ ታስብበት» አሏት።

በቀኑ ኮሚቴው ተሰብስቦ ሳለ ዶክተር ሶረቲ በረዶ የሞላ ምሳ ዕቃ ይዛ ገባች። ክዳኑን ስትከፍተው የፍየል ዓይኖቹ ቁልጭ ቁልጭ አሉ።

«ከየት አመጣሽው?» አሉ ዶክተር ዱሬሳ።

«ከሳኒ ልኳንዳ፣ ጌጃ ሰፈር።»

«የቱ ሳኒ?»

«ጎረቤትዎ ነዋ! ከእርስዎ አጥር ጀርባ ያለው። ሙስሊም ሥጋ ቤት በሁዳዴ አይዘጋም እኮ ዶክተር። ሰላም በይልኝ ብሏል።»

ከሳኒ ጋር በየማለዳው እንደምን አደርክ ሲባባሉ የኖሩ ናቸው። የአገሩን ሁሉ ዓይን ያበሩት ሰው ከአጥራቸው ጀርባ ያለውን ልኳንዳ ሳያዩት ቀሩ። እንዳለች ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች።

ዶክተር ሶረቲ አጭር ስለሆነች መመልከቻው ጋ ለመድረስ በወንበሩ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥላ፣ በእግሯ ጣቶች እየረገጠች ሰፋች። ዶክተር ዱሬሳ በሁለተኛው መመልከቻ አብረው ያያሉ። ክሩ ከፀጉር የቀጠነ ነው። ስትጨርስ ሁሉንም አስወጥተው፣ በሩን ዘግተው ብቻቸውን አዩት። እንከን ሲፈልጉ ረጅም ጊዜ ቆዩ። ሲወጡ ላብ አጥምቋቸው ነበር።

«ይህቺ ልጅ ከተቀጠረች እኔ ማን ልባል ነው?» አሉ፤ ለማን እንዳሉት አልታወቀም።

«የቀጠሯት ይባላሉ» አለች እንዳለች።

ወዲያው ፈረሙ። ማታ ያንን ከፈይ ይዘው ቤት ገቡና «ወርቅዬ፣ ይህን ፍቺና ትራስ አድርገሽ ስፊልኝ፤ ልጅቷ ወንበሩ ዝቅ ይልባታል» አሉ። ወይዘሮ ወርቅዬ ቀና ብለው አይተዋቸው መቀሱን አነሡ።

ከጡረታ በኋላ ቅናታቸው ፊቱን አዞረ። በየሳምንቱ ሻይ ልጠጣ ብለው ሆስፒታል ይመጣሉ፤ ሥራቸው ግን ዶክተር ሶረቲን ለግል ክሊኒክ ሊወስድ የሚመጣውን መጠበቅ ነበር። ጥሩ መኪና በር ላይ ከቆመ ተነሥተው ይዞሩታል። አንዱን ባለሀብት መስኮቱን አስከፍተው «ወንድሜ፣ ዓይንህ ወዴት እንደሚያይ ለማወቅ ነው ዕድሜዬን የፈጀሁት። ይህቺን የቀጠርኳት እኔ ነኝ፤ ሂድ ሌላ ፈልግ» ብለው መልሰውታል። ዶክተር ሶረቲም አልሄደችም። ዛሬ በዚያ ክፍል ተምረው የወጡት ሐኪሞች አገር ይሞላሉ።

ዶክተር ዱሬሳ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ባደረባቸው የልብ ሕመም በአገር ውስጥ ሲታከሙ ቆይተዋል። አልጋ ላይ ሳሉ ዶክተር ሶረቲ ልትጠይቃቸው በሄደች ቁጥር ኮርኒያ ስንት ሰው እንደሚጠብቅ ይጠይቋት ነበር። አንድ ቀን ቤተሰቡ ባለበት «የእኔን አንቺ ውሰጂ። ሌላ እጅ እንዳይነካው። ለተማሪ ሰጥተሽ ብታሰፊው ደግሞ ከመቃብር ተነሥቼ እመጣለሁ» አሏት። ከዚያም «ለቅሶ ቁጭ ብለሽ ዓይኔን እንዳታበላሺው» አሉ። ስታለቅስ «አሁኑኑ ጀመርሽ?» ብለው ተቆጧት።

ማክሰኞ ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለዳ ልደታ በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ዶክተር ሶረቲም በዚያው ማለዳ መጥታ፣ ቤተሰቡን አቅፋ፣ የታዘዘችውን ፈጽማ ሄደች።

ዛሬ ከቀብሩ ቀረች ብላችሁ የምትታዘቡ እንዳትኖሩ። ይህ ጽሑፍ በሚነበብበት ሰዓት ዶክተር ሶረቲ በዚያ ማይክሮስኮፕ ሥር፣ በቀዩ ከፈይ ትራስ ላይ ተቀምጣ፣ የዶክተር ዱሬሳን የአንድ ዓይን ኮርኒያ ለአንድ ሰው እየሰፋች ነው። ሁለተኛው ነገ ተረኛ አለው። ሰዎቹ እነማን እንደሆኑ አይነገርም። ስለዚህ ከልደታ እስከ አብነት ስትመላለሱ ትኩር ብሎ የሚያያችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ሰላም በሉት።

ዶክተር ዱሬሳ የአንዲት ባለቤት ውድ ባል፣ የሁለት ልጆች አባትና የአራት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ለስንቱ ብርሃን የመለሱትን አባታችንን፣ እግዚአብሔር ጨለማ በማይደርስበት ቦታ ያሳርፍልን። ለወይዘሮ ወርቅዬ፣ ለሴና፣ ለሮቤራ፣ እዚህ ለሌለችውም ለሶረቲ መጽናናቱን ይስጥ፤ እጇንም ያጽናላት። አሜን።