ከዜሮ የሚቆጥር ማሽን

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ነሽልኝ? ሳሉ ለቀቀሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ዛሬ ደስታው አላስቀምጥ ብሎኛል። ሥራ ቦታ የሆነውን ላጫውትሽ።

አባትሽ ክሊኒካችን መዝገብ ክፍል የተከለውን ሰርቨር ታውቂው የለ? የአሥራ አንድ ዓመት የኩላሊት ሕሙማን መዝገብ በሙሉ እሱ ውስጥ ነው። ሁለት ዲስክ አለው፤ አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲተርፍ፣ የምንጽፈው ሁሉ እንደ መስታወት ሁለቱም ላይ እኩል ይሰፍራል። ትናንት ጠዋት ማሽኑ «ዲስክ 1 ሞቷል» ብሎ ጽፎ ጠበቀን።

ሥራ አስኪያጇ አንድ ጢማም ባለሙያ አስጠራች። ማሽኑን ሳያጠፋ የሞተውን ነቅሎ አዲስ እንደሚሰካ ነገረን። ዲስኮቹ ላይ አባትሽ በገዛ እጁ 1 እና 2 ብሎ የለጠፋቸው ወረቀቶች አሉ። ሰውዬው 1 የሚለውን ያዘ።

«ቆይ ወንድሜ፣ አትንቀል» አልኩት።

«እትዬ፣ ማሽኑ ራሱ እኮ ነው 1 ያለው። ከማሽኑ በላይ ያውቃሉ እንዴ?»

«ማሽኑን አላውቀውም። ወረቀቱን ከጻፈው ሰው ጋር ግን ሃያ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ።»

እነዚህ ማሽኖች ከዜሮ ይቆጥራሉ፣ ጤነኛ ሰው ግን ከአንድ ነው የሚጀምረው እያለ እራት ላይ ሲነዘንዘን ትዝ ይልሻል? እንግዲህ የማሽኑ 1 የእሱ 2 ነው። ይህንኑ ስነግረው ሰውዬው ሳቀብኝ፤ እጁን ግን መለሰ። የሞተውን ዲስክ መለያ ቁጥር ከማሽኑ አውጥቶ፣ አባትሽ ደብተሩ ላይ ካሰፈረው ጋር አስተያየነው። እውነትም 2 የተጻፈበት ነው። መጀመሪያ የያዘውን ነቅሎት ቢሆን በሕይወት ያለውን ነበር የሚነቅለው። ሰውዬው ላቡን ጠረገ፣ ቀልዱም ቀረ።

አዲሱ ተሰክቶ ከተራፊው እየቀዳ መቶ በመቶ እስኪሞላ ከአጠገቡ አልተነሳሁም። አንድም በሽተኛ አልጠፋብንም፣ ልጄ።

ከዚያ ሰውዬው፣ ሌላ ሰው እንዳይሳሳት ቁጥሮቹ ማሽኑ እንደሚቆጥረው ይስተካከሉ አለ። አዲሱ ላይ 1 ብዬ ጻፍኩ። ተራፊው ላይ 0 ለመጻፍ ግን የአባትሽ ወረቀት መነሳት ነበረበት። «እኔ ላንሳው?» አለኝ፤ ነገሩ ገብቶት መሰለኝ። ራሴ አነሳዋለሁ አልኩት። ካረፈ ወዲህ ከዚያ ክፍል የእሱን ነገር አንድም አላነሳሁም፤ ካፖርቱ እንኳ እስከ ዛሬ ከበሩ ኋላ ተሰቅሏል።

እኔ የሚያስቸግር መስሎኝ ነበር። ሙጫው ደርቆ ኖሮ፣ በጥፍሬ ስነካው እጄ ላይ ወደቀ።

በይ ሰላም ዋይልኝ። የያዝሽው ይባረክ፣ መንገድሽ ይቅና፤ ክፉ አይንካሽ።

እናትሽ