የማናለሽ ዳቦና የራዲያ ድስት

ውድ ሂዳያ፣

እሑድ ዕለት በስልክ የጠየቅሽኝን ወደዚህ ደብዳቤ ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው። መልሱ ረጅም ነው። አንቺ ሱቅሽ ውስጥ ከጨርቅ ገዢ ጋር እየተከራከርሽ፣ የቢቸናም ኔትወርክ እየተቆራረጠ የሚነገር አይደለም። ስለዚህ እንደ ልማዴ ተቀምጬ፣ አንዱን ከሌላው ለይቼ ልጻፍልሽ።

«ጋሼ፣ ነፃ ነኝ! ሴልያክ የሚባለው የስንዴ በሽታ የለብሽም፣ አንጀትሽ ነው የሚቆጣው አሉኝ» ስትዪ፣ ጎረቤት ሳለን ፈተና አልፈሽ በአጥሩ ቀዳዳ ወደ እኛ ግቢ ሾልከሽ ስትገቢ የነበረውን ድምፅሽን ሰማሁት። ደስታሽን ያደፈረስኩት እኔ ነኝ። ደምሽን ሲወስዱ ዳቦ ትበዪ እንደነበር ጠየቅኩሽ። ከተውሽው መቆየትሽን፣ ሆድሽም የተመለሰልሽ እሱን ስትተዪ መሆኑን ነገርሽኝ። እንደዚያ ከሆነ ምርመራው መደገም አለበት፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ስንዴ መብላት ያስፈልግሻል ስልሽ፣ «ታዲያ ሕመሙን በገዛ እጄ ልጥራው?» አልሽ። ያልመለስኩልሽ ጥያቄ ይህ ነው።

በማግስቱ ሰማው የሚባል የቀድሞ ተማሪዬ ዘንድ ሄድኩ። ሞጣ ሳስተምር የፈተናውን ጥያቄ እያረመ ያስቸግረኝ የነበረው ልጅ ነው፤ ዛሬ እዚህ ሐኪም ሆኗል። ምርመራው በደም ውስጥ የሚፈልገው ስንዴውን ሳይሆን ሰውነት በስንዴ ላይ ያዘመተውን ጦር ነው አለኝ። ስንዴው ከቀረ ጦሩም ቀስ በቀስ ይበተናል፤ በሽታው እያለ ደሙ ንጹሕ መስሎ ሊታይ ይችላል። «መምህር፣ በታጨደ ማሳ ላይ ዝንጀሮ እንደመጠበቅ ነው» አለ። «እህሉ የለም፣ ዝንጀሮውም አይመጣም። ዝንጀሮ የሌለበት አገር ነው ብሎ መደምደም ግን አይቻልም።»

ሁለቱ ሕመሞች በስሜት አይለዩም። ሁለቱም ሆድ ይነፋሉ፣ ይቆርጣሉ፣ አንዴ ያስቀምጣሉ አንዴ ያደርቃሉ። ስንዴ በመተው መሻልም ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ አንጀቱ የሚቆጣ ሰውም ስንዴ ሲተው ሊቀለው ይችላል። ልዩነቱ ያለው በአንጀቱ ውስጥ ነው። የሚቆጣ አንጀት ያሠቃያል እንጂ አይቆስልም፤ የሚስማማውን እየመረጡ፣ ጭንቀትንም እየቀነሱ ይኖሩበታል፤ ትንሽ ዳቦም ጉዳት አያደርስበትም። ሴልያክ ግን የትንሹን አንጀት ግድግዳ ይበላዋል፤ ምግቡ ወደ ደም ሳይገባ ያልፋል። ደም ማነስሽን አስቢው። የብረት ኪኒን ሲሰጡሽ ትነሺያለሽ፣ ስትጨርሺው ትወድቂያለሽ። እናትሽ ራዲያም በወጣትነቷ እንዲሁ ነበረች፤ ከሲታነት የዘር ነው ብለን አለፍነው። ሴልያክም በዘር ይሄዳል።

የአጥራችንን ዘመን ደጋግሜ አስባለሁ። ሥጋ አንቀያየርም ነበር፤ ዳቦ ግን ከየትኛው ቤት ነህ ተብሎ አይጠየቅም። ለፋሲካ የማናለሽ ድፎ ዳቦ በኮባ ቅጠል እንደተጠቀለለ ወደ እናንተ ይሻገር ነበር፤ ለዒድ ደግሞ የእናትሽ የምስር ሳምቡሳ ወደ እኛ። የመጀመሪያው ቁራሽ ሁልጊዜ የአንቺ ነበር፤ ማታውን ሆድሽን ይዘሽ ትኮራመቺ ነበር። አባትሽ ሙሐመድሸሪፍ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ባለቤቴን ሊያበሽቃት፣

«ማናለሽ፣ ዳቦሽ ክርስትና ያልተነሣ ሆድ አይወድም» አላት አንድ ጊዜ።

«ያንተ ቤት ሳምቡሳስ? እሱንም በልታ ታለቅሳለች፤ እሱን ማን ክርስትና አነሣው?» አለችው።

በሳቅ ፈረስን። ለካ ነገሩ እዚያው ሳቃችን ውስጥ ነበር፤ ሁለቱም ከስንዴ ነው። ስንወድሽ የሰጠንሽ ሁሉ ከስንዴ ነበር።

ስለዚህ ለጥያቄሽ መልሴ፦ አዎ፣ ልጄ፣ ለጥቂት ሳምንታት ጥሪው። ብቻሽን ግን አይደለም። በየቀኑ ምን ያህል ዳቦ፣ ለስንት ሳምንት እንደሚሆን ሐኪምሽ ይወስናል፤ ሕመሙ ከበረታብሽ ለእሱ ነግረሽ ታቆሚያለሽ። ከዚያ ደምሽ እንደገና ይታያል። ካስፈለገም በአፍ በሚገባ ቀጭን ቱቦ ከአንጀትሽ ቅንጣት ወስደው ይመረምራሉ። እውነቱን ካላወቅሽ በግማሽ መተው ላይ ትኖሪያለሽ፤ በአዘቦቱ ዳቦ ትተዪና በዒድ ሳምቡሳ ትቀምሻለሽ፣ ገብስ የተደባለቀበትንም የገበያ እንጀራ ጤፍ ነው ብለሽ ትበያለሽ፤ ገብስም ለሴልያክ እንደ ስንዴው ነው። ሴልያክ ከሆነ ያ ግማሽ በዝምታ ይጎዳሻል። ካልሆነ ደግሞ ያለ ምክንያት ራስሽን ከሰው ማዕድ ለይተሻል።

ማናለሽ ካረፈች ወዲህ ዳቦ መጋገር ተምሬያለሁ። የመጀመሪያውን ጎረቤቴ ወይዘሮ ፋንታ አገላብጣ አየችውና «መምህር፣ ይህንስ በር ያስደግፉበት» አለችኝ። አሁን ግን ይበላል። ቅዳሜ ይዤልሽ እመጣለሁ፤ ፊት ለፊትሽ ተቀምጬ አብሬሽ እቆርሳለሁ።

ሌላም ነገር ይዣለሁ። ማናለሽ በአረንጓዴ ጨርቅ ጠቅልላ፣ እኛ ቤት ስትጋበዙ እንዲሠራላችሁ ለእናንተ የለየችው ድስት አለ። ልጃችንን ስንድር ለሙስሊም እንግዶቻችን አባትሽ በጉን አርዶ፣ እናትሽ ወጡን የሠራችው በእሱ ነበር። የእኛ ሥጋ ነክቶት አያውቅም፤ ማንኪያው እንኳ ለብቻው ነበር። ያንን ንቀት ያለ አልነበረም፤ ክብር ነበር። ሴልያክ ከሆነ ከእንግዲህ የሚያስፈልግሽ ይኸው ነው፦ የራስሽ ድስት፣ የራስሽ ወንፊት፣ ከእኛ ዱቄት ያልተነካካ ማዕድ። ይህን እኛ ከማንም መማር የለብንም፤ ሁለቱ ቤቶቻችን ዕድሜ ልካቸውን ሲያደርጉት ኖረዋል። ሴልያክ ካልሆነም ራዲያ እንደ ድሮው ወጥ ትሥራበት፤ ሰላም በያት።

ውጤቱ ኋላ የትኛውም ይሁን፣ ቅዳሜ በአንድ እጄ ዳቦውን፣ በሌላው ድስቱን ይዤ ከመኪና እወርዳለሁ። በሩን አንቺ ክፈቺልኝ፤ እጄ አይመችም።

ጋሼ ታዘበው
ከቢቸና