ጠርዙ ያላለቀ ቀሚስ

ይድረስ ለእናቴ፣
ጎሬ።

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደም ግፊትሽስ? «ዛሬ ደህና ነኝ» እያልሽ መድኃኒቱን እየዘለልሽ እንዳይሆን። እኔ ከአንድ እግሬ በቀር፣ ምስጋና ለፈጣሪ፣ ደህና ነኝ።

ደብዳቤ መጻፌ አይግረምሽ። ስልክሽ አይሠራም። ልጅሽ ዮፍታሄ «ውኃ ውስጥ ወድቆባት ነው» አለኝ። ምንዳዬ ደግሞ ጎሬ መብራት ጠፍቶ ቻርጅ ማድረግ አልቻልሽም ብላኛለች። ወንድምና እህት ተመካክረው እንኳ መዋሸት አይችሉም። መቼም መሠረተ ትምህርት ገብተሽ ማንበብ መማርሽ ለዚህ ቀን ሆነ።

የወደቅሁ ዕለት ቀሚስሽን ይዤ ወዳንቺ ልመጣ ነበር። ለኅዳር ጽዮን እንዲደርስልሽ ብዬ ጠርዙ ብቻ ሲቀረው በፌስታል አድርጌ ወጣሁ፤ ርዝመቱን እዚያው አንቺው ላይ ለክቼ ልጨርሰው አስቤ ነው። ወደ መናኸሪያ የተሳፈርኩባት ባጃጅ ቁልቁለቱ ላይ ጭቃ አንሸራቷት ተገለበጠች። ቀሚስሽ አንድ የጭቃ ጠብታ እንኳ አልነካውም። የኔ ቀኝ እግር ግን ከጉልበት በታች ሁለት ቦታ ተሰበረ። እዚህ መቱ ሆስፒታል ዶክተር ኪቲላ ቀደዱና ብረት አስገቡልኝ። የስፌት መኪናዬን ፔዳል ዳግመኛ እረግጥ እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ ትረግጫለሽ፣ ግን ቀስ ብለሽ ነው አሉኝ። ቀስ ማለት እኔ የት ለምጄ!

መተኛት አልሆነልኝም፣ እማዬ። እግሬ ትራስ ላይ ተሰቅሎ፣ ጀርባዬ ተልጦ፣ የጣሪያውን ቆርቆሮ እያየሁ ልቤ አንድ ቦታ አልቆም ይለኛል። አንሶላውን እገልጣለሁ፣ መልሼ እለብሳለሁ። ነርሷን እጠራና ለምን እንደጠራኋት ይጠፋኛል። ዶክተሩንማ በመጡ ቁጥር «መቼ ነው የምወጣው?» እያልኩ አሰለቸኋቸው። «ምን አስቸኮለሽ?» ቢሉኝ፣ «እናቴ አልመጣችም፤ ሄጄ ልጣላት ነው» አልኳቸው።

እውነቴን ነው፣ አኩርፌሽ ነበር። ለጎረቤት በሽተኛ ገንፎ አዝለሽ የምትሮጪ ሴት፣ ጎሬ ለመቱ አፍንጫው ሥር ሆኖ፣ የገዛ ልጅሽን ሳታዪ ትቀሪ? «መንገዱ ያደክማታል» ይሉኛል። ሞኛችሁን ፈልጉ ብያቸው ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስኩ።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። የኔን መውደቅ ማን ነገረሽ? ቀስ አድርገው፣ አስቀምጠው፣ ውኃ ሰጥተው ነው? ወይስ እንደ ልማዳቸው ከበር ላይ ዘለው «ልጅሽን ባጃጅ!» ብለው ነው? ዮፍታሄን ይህን ስጠይቀው የመድኃኒቱን ብልቃጥ አንስቶ ጽሑፉን ማንበብ ጀመረ። እንግሊዝኛ ማንበብ ከመቼ ወዲህ ነው የወደደው?

እሑድ ለታ ጎረቤትሽ እትዬ ሮማነወርቅ ከጎሬ ሊጠይቁኝ መጡ። በር ላይ ሳያቸው ነጠላቸውን ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው፣ አንገታቸው ላይ ጠምጥመውታል። ይኼ የለቅሶ አለባበስ መሆኑን ላንቺ አልነግርሽም። ምንዳዬ ከኋላ ደርሳ ክንዳቸውን ይዛ ወደ ኮሪደሩ መለሰቻቸው። ሲገቡ ጥለቱ ወርዷል። ሳሙኝና ሳይለቁኝ ቆዩ። ስላንቺ ስጠይቃቸው «ደህና ናት፣ ደህና ናት» አሉኝ፣ ሁለት ጊዜ።

ምንዳዬ የማን እንደሆነ የማላውቀው ቀይ ሹራብ እስከ አንገቷ ቆልፋለች። በዚህ ሙቀት። ጭንቅላቷን በሻሽ ጥፍንግ አድርጋ አስራለች። ያን የመሰለ ፀጉር አንድ ዘለላ እንኳ አይታይም። ጎንበስ ብላ ሙዙን ስታስቀምጥ ከሹራቡ ሥር ጥቁር ቀሚስ ብቅ አለ። ለአባዬ ለቅሶ እኔው የሰፋሁላት ነው። የራሴን ስፌት ደግሞ የትም ባየው አልስተውም። አንድ ሙዝ ልጬ በላሁ፣ ሁለተኛም ጨመርኩ። «ጎሽ፣ ምግብ ተስማማት» ተባባሉ።

ከሄዱ በኋላ አጠገቤ የተኛችው የዳሪሙዋ ኡርጌ ዞራ አየችኝ። እሷም እግሯን ነው። «ኦቦሌቲ ኮ» ነው የምትለኝ፣ እህቴ እያለች። ሳልጠይቃት የራሷን ነገር ጀመረች። ወንድሟ ሲሞት አራስ ነበረች አሉ። ለአራስና ለበሽተኛ መርዶ አይነገርም ብለው ደበቋት። እየሳቁ ገንፎ ያበሏት ነበር። ጠንክራ የተነሣች ዕለት ግን ማለዳ ሽማግሌዎቹ ሰብሰብ ብለው ደጇ ቆሙ። «ሳያቸው ገባኝ፤ ከአልጋዬ ባልተነሣሁ አልኩ» አለችኝ። ይህን ለምን እንደምትነግሪኝ አላውቅም ብዬ ተቆጣኋት። እጇን ሰድዳ እጄን ያዘችኝ። አልተቀየመችም።

ዛሬ ዶክተር ኪቲላ መጡ። ቁስሉን ፈተው አዩና ደስ አላቸው። ያ ሁሉ ጭቅጭቅሽ ሠመረልሽ፣ ሰኞ ወደ ቤትሽ ትሄጃለሽ አሉኝ። ዮፍታሄና ምንዳዬ ከአልጋዬ ግርጌ ቆመው ነበር። ሁለቱም መሬት መሬት አዩ።

«ገና ያመኛል» አልኳቸው። የት ጋ ነው ቢሉኝ፣ ሁሉም ጋ አልኩ። ሲነኩት ጮህኩ። እማዬ፣ እግሬ አላመመኝም። ግን እዚህ እስካለሁ ድረስ ስልክሽ ውኃ ውስጥ የወደቀ ስልክ ነው። መንገዱም ያደክምሻል። እኔም ገና አኩርፌሻለሁ።

ቀሚስሽ ትራሴ ሥር ነው። መርፌና ክር ኡርጌ አስመጥታልኛለች፤ ጠርዙን ግን አልነካሁትም። ሳልለካሽ በግምት አልሰፋም።

ይህን ደብዳቤ ለዮፍታሄ እሰጠዋለሁ። ለእማዬ አድርስልኝ እለዋለሁ፤ እሺ ይለኛል። እንዳታስለቅሺው፣ ተቸግሯል ልጁ። ምርቃትሽ አይለየኝ። ጽዮን ማርያም እቅፍ አድርጋ ትያዝሽ። ብርድ እንዳይመታሽ።

መልስ ለመጻፍ አትቸኩዪ።

ያንቺው ልጅ፣
ልብስ ሰፊዋ