የሚያፏጭ ደረት

ለምወድሽ እታለም፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ባልሽስ እንዴት ነው? ልጆቹስ? ትንሹ ጥርሱን ነቀለ ወይስ አሁንም እየነካካ ያሳቅቃችኋል? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬን ጉልበቷ አልፎ አልፎ ይይዛታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። አባዬም ደህና ነው። ስለ እሱ ወረድ ብዬ እጽፍልሻለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ይህን ደብዳቤ ያስጀመረኝም እሱ ነው። በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ አቃተኝ። አንቺ ደግሞ ስልክ ላይ «ተይው በቃ፣ ያለፈ ነገር ነው» ብለሽ ወሬ መቁረጥ ታውቂበታለሽ። ደብዳቤ ግን አይቆረጥም፤ ወደድሽም ጠላሽም እስከ መጨረሻው ታነቢዋለሽ።

የሩጫ ክለቡ ውስጥ አዲስ ስም ወጥቶልኛል። «ባቡር» ይሉኛል። ፍጥነቴን አይተው እንዳይመስልሽ። ከኋላ ስመጣ ገና ሳያዩኝ ትንፋሼን ሰምተው መንገድ ስለሚለቁልኝ ነው። መጀመሪያ ላይ እኔም አብሬያቸው ስቄ ነበር። ሳሩ ማበብ ሲጀምር ግን ሳቁ አለቀ። የምንለማመድበት ሜዳ ዙሪያው ሳር ነው፤ ንፋስ ሲነሳ ብናኙ እንደ ቢጫ ዱቄት የቆሙ መኪናዎች ላይ ሁሉ ያርፋል። ያኔ ዓይኔ ይቀላል፣ አፍንጫዬ እንደ ተበላሸ ቧንቧ ይፈሳል፣ ሩጫው ካለቀ በኋላ ደግሞ ሳሉ ይጀምረኛል። እንዳይታወቅብኝ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብቼ፣ ውሃውን ለቅቄ ነበር የምስለው።

አባዬ እንደምታውቂው ቤት ውስጥ አባት፣ ሜዳ ላይ አሰልጣኝ ነው፤ አንዳንዴ አሁን የቱ እንደሆነ ለራሱም ይጠፋዋል። መጀመሪያ «ጉንፋን ነው» አለ። ጉንፋኑ አልለቅ ሲል «ፍርሃት ነው፣ ውድድሩ ስለቀረበ ነው» አለ። እኔም አመንኩት። ሌላ ምን አምናለሁ?

በግማሽ ማራቶኑ ቀን ከመሪዎቹ ጋር ነበርኩ። እግሬ እንደዚያ ቀን ታዝዞኝ አያውቅም። ወንዙ ዳር ወዳለው መንገድ ስንታጠፍ ገና ያን ዕለት ጠዋት የታጨደ ሳር በሁለቱም በኩል ተከምሯል። ጥቂት እንደሄድኩ አየሩ እንቢ አለኝ። መግባቱንስ ትንሽ ትንሽ ይገባል፤ አልወጣም ያለው ነው የገደለኝ። የስክሪብቶ ቀፎ አፌ ውስጥ ከትተው «በዚህ ተንፍሺ» ያሉኝ ያህል ነበር። ከዚያ መንገዱ ዳር ቁጭ አልኩ። ከንፈሬ ጠቁሮ ነበር አሉ።

አባዬ እየሮጠ መጣ። ሲደርስ «ተነሺ» ሊለኝ አፉን ከፍቶ እንደነበር በዓይኔ አይቻለሁ። አጠገቤ ተንበረከከና የደረቴን ፉጨት ሰማ። አፉን መልሶ ዘጋው። ከዚያ የውድድሩ ነርስ የመተንፈሻ ጭንብል አፌ ላይ እስክታደርግልኝ ድረስ እጄን ይዞ ቆየ።

ወደ ሳንባ ሐኪም የላኩን ከዚያ በኋላ ነው። ሐኪሟ ቀጭን፣ ቀልድ የምታውቅ ሴት ናት። መጀመሪያ አንድ ቱቦ ውስጥ በኃይል አስነፋችኝ፤ ከዚያ ማሽን ላይ አስሮጠችኝና እንደገና አስነፋችኝ። ሁለተኛው ትንፋሼ ከመጀመሪያው በጣም ያንስ ነበር። ክንዴ ላይም የተለያየ ጠብታ እያደረገች በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አደረገችኝ፤ የሳሩ ብናኝ ያረፈበት ቦታ ትንኝ የነከሰው መስሎ አበጠ። ሰው ቁጭ ብሎ ሲተነፍስ በአፍንጫው ጥቂት ጥቂት ነው የሚስበው፣ አፍንጫውም ያሞቅለታል፣ ያጣራለታል፤ እናንተ ረጅም ርቀት የምትሮጡ ግን በአፋችሁ በባልዲ ነው የምትጠጡት፣ ብናኙንም ደረቁን አየርም ቅዝቃዜውንም አብራችሁ አለችኝ። የአየር መተላለፊያው ይቆጣና ይጠባል። አስም ነው፣ ብዙ ሯጮች አለባቸው አለች፤ አንዳንዶቹ ሳያውቁት ይሮጣሉ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ሳያውቁት ያቆማሉ።

ከዚያ ጽሕፈቷን ሳታቆም፣ ከቤተሰብ እንዲህ የሚያደርገው ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀች። አባዬ ቶሎ ብሎ «የለም» አለ። እሷም ቀና ብላ፣ ማታ ማታ የሚስል፣ ሲሮጥ ደረቱ የሚያፏጭ፣ ስፖርት ጀምሮ የተወ ማንም የለም ወይ አለችው። እኔ አባዬን አየሁት። እሱ ወለሉን አየ። ከዚያ ውሃ ጠማኝ ብሎ ወጣ። በበሩ መስታወት አየው ነበር፤ ውሃ አልጠጣም። ግድግዳው ላይ ስለ እጅ መታጠብ የተለጠፈ ወረቀት ፊት ቆሞ፣ ረጅም ጊዜ ያነብ ነበር። መነጽሩ ግን ኪሱ ውስጥ ነበር።

አውቶቡስ ውስጥ ፊቱን ወደ መስኮቱ አድርጎ «እሷም እንዲህ ታፏጭ ነበር?» አለኝ። ማንን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። አንድ አልጋ ላይ ስንተኛ ደረትሽ እንደ ማንቆርቆሪያ ያፏጭ እንደነበር፣ እኔም ታላቅ እህት ሁሉ እያፏጨች የምትተኛ ይመስለኝ እንደነበር ነገርኩት። እንዲያውም አንቺ ለትምህርት ከሄድሽ በኋላ ቤቱ ጸጥ ብሎብኝ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነበር። ይህንን ግን አልነገርኩትም፤ በቃው።

እማዬ ወሬውን ስትሰማ ምን እንዳለች ታውቂያለሽ? «የሁለቱንም ደረት ያደመጥኩት እኔ፤ ማን ጠየቀኝ?» አለች። አባዬ አልመለሰላትም። እሱ የማይመልስበትን ቀን ስንጠብቅ ስንት ዘመናችን ነው።

አሁን ፓፍ የሚሉት በአፍ የሚሳብ መድኃኒት አለኝ፤ ሐኪሟ መድኃኒቱን ይዤ ለመወዳደር የሚያስፈልገውን የፈቃድ ወረቀትም ጽፋልኛለች። ፓፉን የሚይዘው ግን አባዬ ነው። ኪሱን በየደቂቃው ይዳብሳል፤ ላየው አስሙ የእሱ ነው የሚመስለው። ሳሩ ሲያብብ ልምምዱን ወደ አስፋልት አዙሮታል፣ ንፋስ ከሆነ ይሰርዘዋል፣ ማሟሟቂያውንም አስረዝሞታል። ባለፈው አንዷ ጀማሪ ስትስል ሰምቶ ሁላችንንም አቁሞ ራሱ ሐኪም ቤት ወሰዳት። ድሮ ቢሆን ምን ይል እንደነበር አንቺም እኔም እናውቃለን።

ያለፈው ሳምንት ውድድር ላይ አራተኛ ወጣሁ። ሦስተኛዋን ልደርስባት ትንሽ ቀርቶኝ ነበር፤ ያናድዳል። ግን እታለም፣ መጨረሻው መስመር ላይ ቆሜ አወራሁ! ሙሉ ዓረፍተ ነገር። አባዬ በየዙሩ አጥሩን ተደግፎ ይቆም ነበር፤ ሰዓቱን ይዞታል ግን አያየውም። ሳልፍ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ጆሮውን ይሰጠኝ ነበር።

አንቺ ያቆምሽበትን ቀን አስታውሳለሁ። የትምህርት ቤቶቹ ሩጫ ፍጻሜ ላይ ጉልበትሽን ይዘሽ ስትቆሚ፣ አባዬ ሰው እየሰማ «ልብ የላትም» ሲል አጥሩ ላይ ተቀምጬ ነበር። ማታ ታጥበሽ መጥተሽ የቤት ሥራዬን አሠራሽኝ። ከሩጫ ይልቅ መጽሐፍ ይሻለኛል አልሽኝ። እኔም አመንኩሽ። እውነት መጽሐፍ ይሻልሽ ነበር? ካልፈለግሽ አትመልሺልኝ። ግን ያንን ክፍል ውስጥ ስታስተምሪ በጠመኔ አቧራ የሚነሳብሽን ሳል ለሐኪም አሳዪው፤ ሎሚና ማር ይበቃዋል አትበይኝ። የደረትሽን ነገር ለሐኪሟ ሳወራት እናንተ አካባቢ ያለ የሳንባ ሐኪም አድራሻ ጽፋልኛለች፤ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ትናንት አባዬ ወጥ ቤት ገብቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ የታጠበ ብርጭቆ መልሶ እያጠበ፣ የእህትሽ ጫማ ቁጥሩ ስንት ነው አለኝ። ነገርኩት። የልምምድ ጫማ ጣቱ ላይ ትንሽ ሰፋ ማለት አለበት ብሎ ወጣ። ዛሬ ደግሞ ለእማዬ፣ ትምህርት ሲዘጋ ወደ እናንተ እሄዳለሁ፣ ጣሪያቸው ያፈሳል ሲሉ ሰምቻለሁ ብሏታል።

ጣሪያችሁ እንደማያፈስ አውቃለሁ። አንቺ ግን ያፈሳል በዪው። የሚጠገን ነገር ከጠፋም አንድ መዝጊያ አላልታችሁ ጠብቁት፤ ባዶ እጁን መቀመጥ አይችልም።

ልጆቹን በየጉንጫቸው ሳሚልኝ። ባልሽን እጅ ነሺልኝ። ፈጣሪ ትንፋሽሽን ሰፊ፣ እንቅልፍሽን ጸጥ ያለ ያድርግልሽ።

አንድ አልጋ ያሳደገን ታናሽሽ