ከአስፋልት ዳር ስለተቆፈረልን አፈር

ለተከበሩ የግንባታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

አላህ ጤናዎንም የቢሮዎንም ግድግዳ ያጽናልዎ እያልሁ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ጎረቤቴ ኡሙሃኒ ግን ነፍሰ ጡር ልጇን ሰልዋን ለክትትል ወደ ጤና ጣቢያችን ይዛ ሄዳ፣ አዲሱ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ የግድግዳው ልስን ትከሻዋ ላይ ወድቆባት እጇን አንጠልጥላ ከርማለች። አሁን አልሐምዱሊላህ ልብስ ማጠብ ጀምራለች። ሰልዋም ቀኗ ደርሷል፤ የምትወልደውም እዚያው ክፍል ነው።

ጊዜዎን እንዳልሻማ ምስጋናዬን በተራ አስቀምጣለሁ፦

፩. ክፍሉ ከመሠራቱ በፊት አፈሩን የሚመረምሩ ባለሙያዎች ስለላኩልን እናመሰግናለን። ቦታው ጎርፍ እየጠለፍን ማሽላ የምንዘራበት ጥቁር አፈር ነውና፣ በክረምት ሲመጡ ጭቃው መኪናቸውን አላስገባ አለ። ጫማቸውን አውልቀው ይገባሉ ብለን ስንጠብቅ፣ ከአስፋልቱ ዳር ለመንገዱ ተብሎ የተደለደለውን ጠጠር ቆፍረው በላስቲክ ቋጥረው ሄዱ። ውጤቱም መሬቱ እጅግ ጠንካራ ነው የሚል ሆኖ መጣ። አስፋልቱን እንኳን ደስ ያለው እንላለን።

፪. በዚያው ውጤት የመሠረቱ ጥልቀት ጉልበት ሳይደርስ ስለቀረ፣ ቆፋሪዎቹን ስላላደከሙብን እናመሰግናለን። አፈራችን ግን ውጤቱን የነገረው ያለ አይመስለኝም፤ ዝናብ ሲጠጣ አብጦ ወለሉን አነሳው፣ በጋ ሲገባ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ግድግዳውን ይዞት ወረደ። በስንጥቁም ውጭ የሚያልፈውን ባጃጅ ስናይ ከረምን።

፫. ስንጥቁን አስደፍነው ቀለም ስላስቀቡልንም እናመሰግናለን፤ እውነቴን ነው፣ ቀለሙ ያምር ነበር፣ እሱም አብሮ ተሰነጠቀ እንጂ። አሁን ደግሞ ከጎኑ ሁለተኛ ክፍል በዚያው በመንገድ ዳር አፈር ውጤት ሊያስጀምሩ መሆኑን ሰምተናል። እዚህ ላይ ምስጋናዬን ገታ ላድርግና ልለምንዎ፦ ወላዶቹን ለጊዜው ወደ አሮጌው ካርድ ክፍል ያዛውሩልን፤ አዲሱም ከመጀመሩ በፊት ራሱ ቦታው ይቆፈር፤ መኪናው ባይገባ እንኳ በእግር ይደረሳል።

ጫማዎን ጭቃ እንዳይነካው ዘወትር ዱዓ በማድረግ፣ ልስንዎን በትከሻችን በምንቀበል እናቶች ስም፣
ሀጀራ ሙዓዊያ
ከቆቦ

ከፈረምሁ በኋላ የጨመርሁት፦ ዛሬ ጠዋት ሰልዋ ምጥ ይዟት ገብታለች። ሁለት ባለሙያዎችዎም መጥተው ግድግዳውን ከውጭ በኩል ተመልክተው፣ ምንም አያሰጋም ብለውናል። ደስ ብሎኝ፣ ልጅቱ በሰላም እስክትገላገል እዚችው ግድግዳው ሥር አግዳሚው ላይ ዐረፍ በሉ ብላቸው፣ መኪናችን ውስጥ ይሻለናል አሉኝ።